ለግዛው ጊታር የጠመጠምኩት ሽቦ

ጡረታ የወጣው ዐይኔ ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው የወጣሁት። ባለፈው ጥር የአንድ ገበሬ ራዲዮ ከፍቼ፣ ከውስጡ የተበጠሰችውን ፀጉር የምታህል ሽቦ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ባለቤቱ ገበያውን ጨርሶ መጣና ከአጠገቤ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቺ ናት እንዴ?» አለኝ። በገዛ አውራ ጣቴ ላይ ተጠምጥማለች። ራዲዮውን ሠርቼ ሰጠሁት፤ በሳምንቱ የመሐል ሜዳውን ሱቄን ዘጋሁ።

ሃምሳ እንኳ በቅጡ ሳይሞላህ ምን ጡረታ አለ ይሉኛል። ዕድሜ የሚቆጥረው መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ፣ ቴስተር የሚባል አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያና አንድ መበየጃ ነበር፤ እነሱ የስንብት ደብዳቤ አይጽፉም።

የሥራ ዘመናቸውን የጻፉ ሰዎች ጥቂት አንብቤአለሁ። ሲጀምሩ ሁሉም ድሆች፣ ሲጨርሱ ሁሉም ተሸላሚዎች ናቸው፤ በመካከሉ ያጠፉት ነገር የለም። የጠፋ ነገር ቢኖር እንኳ ያጠፋው አለቃቸው ነው። የእኔ ከዚህ ይለያል። ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የምጽፈውም እሱን ለመናገር ነው።

ሥራውን የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ የእናቴን ገብስ እበላ ነበር። ያኔ ሃምሳ አለቃ ይፍሩ የሚባሉ ሰው ከተማው ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። በሠራዊቱ ውስጥ የራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ጠመንጃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲገባ፣ እሳቸው ከካፖርታቸው ሥር ቴስተርና ሁለት ጥቅል ቀጭን ሽቦ ደብቀው፣ በእግራቸው መንዝ ገቡ። የወፍጮ ሞተር ይጠመጥማሉ፤ ቴፕና ራዲዮ ይጠግናሉ። ሥራ ልለምን ሄድኩ።

«ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ፊዚክስ በደንብ አንብቤአለሁ።»

«እሱን ተወው። ሳትሳሳት እስከ መቶ መቁጠር ትችላለህ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው ሳቁ ሲያልቅልህ ተመለስ» አሉኝ። በማግሥቱ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ሊቁ» ይሉኝ ጀመር፤ ምስጋና እንዳልነበረ ለመረዳት ብዙ ማንበብ አላስፈለገኝም።

የሃምሳ አለቃ ልማድ መቁጠር ነበር። የተቃጠለ ሞተር ሲመጣ ሌላው ጠጋኝ ሽቦውን በመጋዝ ቆርጦ ይጥለዋል። እሳቸው ግን አንድ በአንድ እየፈቱ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩንም ከደብተር ላይ ያሰፍራሉ። «ያልቆጠርከውን አትፍታ» ይሉ ነበር። ለቀጭን ሽቦ ደግሞ የተለየ ዘዴ ነበራቸው። ጥቅሉን ከእጅ መሰርሰሪያ አፍ ላይ ያስሩታል። መያዣው አንዴ ሲዞር አፉ አራቴ ይዞራል፤ ስለዚህ ሃያ አምስት ጊዜ ሲያዞሩ መቶ ዙር ሞላ። መቶ በሞላ ቁጥር በግራ እጃቸው የያዙትን የጸሎት መቁጠሪያ አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። መቁጠሪያው አርባ አንድ ፍሬ ያለው፣ እግዚኦታ የሚደርሱበት ነው። አንዴ ዞሮ ሲገጥም አራት ሺህ አንድ መቶ ዙር ሆነ ማለት ነው። ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ግን ይህን ሁሉ ቁጥር አይደለም። «አንድ ዙር»፣ «ሁለት ዙር» ብለው ነው።

አንድ ቄስ ከደጃፍ ቆመው አዩዋቸውና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ለሽቦም ትጸልያለህ?» አሏቸው።

«አይ አባቴ፣ ሽቦው ነው የሚጸልይልኝ። የበላሁት እንጀራ ሁሉ በእሱ ጸሎት የመጣ ነው።»

ቄሱ ሳቁና ባትሪ ገዝተው ሄዱ።

ግዛውን የማውቀው በዚያ ሱቅ ነው። ከመሐል ሜዳ ራቅ ያለው የቀየት ገጠር ሰው ነው፤ ልጅነቱን ክራር ሲመታ አሳልፎ፣ በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ገብቶ ጊታር ተማረ። ቡድኑ ሲበተን ጊታሩን ማንም አልጠየቀውም፤ ይዞት ቀረ። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ግዛው ጊታር አይጫወትም ነበር፤ በጊታር ላይ ክራር ነበር የሚጫወት። ቀኝ እጁን ወደ ታች፣ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት አስጠግቶ ሲመታ፣ ድምፁ እንደ ማጭድ ጫፍ ቀጭንና ስለታም ሆኖ ይወጣል። በአንቺሆዬ ቅኝት ሲጫወት ሠርገኛው ወሬ ያቆም ነበር። የመንዝ ሠርገኛ ደግሞ በቀላሉ ወሬ አያቆምም።

ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር ሙዚቀኞች ፒካፕ የሚሉት ነገር አለ፤ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ብዙ ሺህ ዙር ፀጉር ሽቦ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥና ወደ አምፕሊፋየር ይልካል። የሽቦው ዙር ካነሰ ድምፁ ይቀጥናል፤ ይጠራልም። ከበዛ ይጮኻል፣ ይወፍራል፣ ጥራቱን ግን ያጣል። የግዛው ጊታር ሁለት ፒካፕ ነበረው፦ አንዱ ከአንገቱ በኩል፣ አንዱ ከታች። የእሱ ድምፅ ከታችኛው ነበር የሚወጣው።

አንድ የገበያ ቀን ጊታሩን አቅፎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስለሺ፣ ሞተብኝ። የታችኛው ዝም አለ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን የዞኑ የባህል ቡድን አንድ ጊታር ተጫዋች በቋሚነት ሊቀጥር ነው፤ ፈተናው ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ደብረ ብርሃን። ግዛው ሦስት ልጆች አሉት፤ ከሠርግ ሠርግ እየዞረ መኖር ሰልችቶታል። ከዚህ የተለየ ዕድል እንደማይመጣ እሱም እኔም እናውቅ ነበር።

ሃምሳ አለቃ በዚያ ሰሞን አልነበሩም። እግራቸውን አሟቸው ጠበል ገብተዋል። ሱቁ በእኔ እጅ ነው። ቴስተሩን ሳስነካው መርፌው አልነቃነቅ አለ፤ ሽቦው ከውስጥ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ተበጥሷል።

ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው ደብረ ብርሃን ከሚገኝ ሱቅ አዲስ የቻይና ፒካፕ መግዛት። ሄጄ አየሁት። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያለው፣ የጀነሬተር እምም የሚል ድምፅ የማይገባበት ነው። ሱቀኛው ያሞገሰልኝም በዚህ ነው። እኔ ግን መተኪያ ሲመረጥ ምን እንደሚታይ አውቅ ነበር። የፒካፑ የብረት ዘንጎች ከየክሩ ሥር በትክክል ይውላሉ ወይ? በነበረበት ጉድጓድ ይገባል ወይ፣ ወይስ እንጨቱን በመሮ መፈልፈል ሊጠይቅ ነው? ከሁሉ በላይ ድምፁ የማን ነው? የዚህ ድምፅ ወፍራም ነበር፤ ለግዛው አይሆንም ብዬ ተውኩት። በዚህ ትክክል ነበርኩ፤ ነገሩንም የከፋ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ያመጣው ራሱ ግዛው ነው። «የአንገቱን አውጥተህ ከታች ብትከተውስ?»

«ጋሼ፣ እሱ የሰነፍ ሥራ ነው» አልኩት። «እኔ የራሱን እጠመጥምልሃለሁ። ከነበረው የተሻለ።»

«ከነበረው የተሻለ አልፈልግም። የነበረውን ነው የምፈልግ።»

«እመነኝ።»

አመነኝ።

ሽቦውን ከአሮጌ የጦር ሜዳ ስልክ ውስጥ አወጣሁ። የበሰበሰውን ጥቅል መፍታትና መቁጠር ነበረብኝ፤ ነገር ግን በየጣት ስፋት እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ሃምሳ አለቃ ቢሆኑ ቁርጥራጩን በወረቀት ላይ እያስቀመጡ ሦስት ቀን ይቆጥሩት ነበር። እኔ በምላጭ ቆርጬ ጣልኩት። ምክንያቱም ከደብተራቸው ላይ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ጊታር፣ ፀጉር ሽቦ፣ ሁለት ዙር።» ከዚህ ወዲያ ምን ቆጠራ ያስፈልጋል?

መቁጠሪያቸውን ጠበል ይዘውት ሄደዋል። የሚጸልዩበት ነውና ሌላ ምን ያደርጉታል? ስለዚህ የእናቴን መቁጠሪያ ከግድግዳ አውርጄ መጣሁ።

ሁለት ቀን ጠመጠምኩ። ሽቦው እንዳይበጠስ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል የባና ብርድ ልብስ ቁራጭ ይዤ፣ በዚያ ውስጥ አሳለፍኩት። ሃያ አምስት፣ አንድ ፍሬ፤ ሃያ አምስት፣ አንድ ፍሬ። የእናቴ መቁጠሪያ ሁለቴ ዞሮ ሲገጥም አቆምኩ። ጥቅሉ አብጦ ነበር። ክዳኑን ስገጥመው እምቢ አለኝ፤ ከውስጥ በኩል በሞረድ ፋቅሁትና ገባ። በቴስተር ስለካው ከአንገቱ ፒካፕ እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር አሳየኝ። ሽቦው ትንሽ ስለቀጠነ ነው አልኩ። መጽሐፍም ገለጥኩ፤ የዙር መብዛት ኃይል እንደሚጨምር አገኘሁና ጭራሽ ደስ አለኝ። ብዙ ያነበበ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ምልክት የሚያምር ማብራሪያ አያጣም።

ከዚያ ከጧፍ ሠሪ ሞራ ያልተቀላቀለበት ሰም ገዛሁ። በቆርቆሮ አድርጌ ፈልቶ ከወረደ ውኃ ላይ አቅልጬ፣ አረፋው እስኪያቆም ጥቅሉን ነከርኩት። ሽቦው ከውስጥ እንዳይንቀጠቀጥና እንዳያፏጭ ነው። ይህንን በደንብ ሠርቻለሁ። ጥፋት ያለበት ሥራ ሌላው ነገሩ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው።

ግዛው ሲመጣ በከተማው መብራት አልነበረም። በባትሪ የሚሠራውን ቴፕ አወጣሁና ጊታሩን ከእሱ ጋር አገናኘሁት። የቴፑ ድምፅ ማጉያ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ ቀጭኑን ብቻ መርጦ ያሰማል። ግዛው መታው። ቀጭን፣ ስለታም፣ እንደ ድሮው!

«አንተ! ኃይል አለው እኮ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሚስቱ የላከችልኝን እርጎ ሰጠኝ። ጠጣሁት።

ደብረ ብርሃን አብሬው ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ አምፕሊፋየር ነበር። ከመድረኩ በታች ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ግዛው አንቺሆዬ ጀመረ።

የመጀመሪያው ምት ወጣ። ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮኽ በሬ ይመስላል። አንቺሆዬ እርስ በርስ የተጠጋጉ ድምፆች አሉት፤ ጥራት ከሌለው አንዱ በሌላው ላይ ይደፋል። እጁ የሚያደርገውን አያለሁ፤ ሠርገኛውን ዝም የሚያሰኘው ያው እጅ ነው። የሚሰማኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ቁልፉን ዞር አደረገ፤ አልጠራም። ከመሐል አቋርጦ ወደ አንገቱ ፒካፕ ቀየረ። አምፕሊፋየሩ ለታችኛው ጩኸት ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ስለነበር ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ከኋላ ሰዎች ሳቁ።

አንደኛው ፈታኝ፣ «ወንድሜ፣ ጊታር ነው ወይስ ነጋሪት?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ነው የተናገረው።

ስንመለስ ግዛው ከአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የግራ እጁን ደጋግሞ ያይ ነበር። ከመንገዱ መሐል ካለችው ጣሸ ስንደርስ፣ «እጄ ደንዝዟል ስለሺ» አለኝ። «ሠርግ ቤት የኖረ እጅ እንዲህ ይሆናል። ሰው ሲሰክር የሚያጨበጭበውን እውነት መስሎኝ።»

«ፒካፑ ይሆናል» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱንማ አብረን ሰማነው። ደህና ነበር።»

ያኔ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዝምታው ግን ከዚያ ጀመረ።

ሃምሳ አለቃ ከጠበል ሲመለሱ በመጀመሪያ ያዩት ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ ነው።

«የማን ናት?»

«የእናቴ።»

አወረዷት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። «ስድሳ አራት ናት» አሉ። «በዚች ነው የግዛውን የጠመጠምከው?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«ሁለት ዙር።»

ከበርጩማው ላይ ተቀመጡ። ስምንት ሺህ ሁለት መቶ መሆን የነበረበትን ዐሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አድርጌዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ በዚያች መቁጠሪያ ስትጸልይ አይቻለሁ፤ ስንት ፍሬ እንዳላት አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

«ክዳኑ እንዴት ገባልህ?»

«ፋቅሁት።»

«አየህ ሊቁ፣ ዕቃው እኮ ነግሮህ ነበር።» ሌላ አልተናገሩኝም። ብቻ ሲነሡ፣ «ሂድና ንገረው። እጁን እንዳይጠራጠር» አሉኝ።

እነግረዋለሁ አልኩ። ግዛው በዚያው ሳምንት ጊታሩን ጠቅልሎ ቤተሰቡን ይዞ ቀየት ገብቷል፤ የአባቱን መሬት ሊያርስ። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ። ክረምት ገባ አልኩ። ቆይቶ ደግሞ፣ ዛሬ ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል አልኩ። ለስንፍና ብዙ ፍልስፍና አለ፤ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ በየፋሲካው ይጠይቁኝ ነበር። «ነገርከው?» በሦስተኛው ዓመት፣ «ነግሬዋለሁ» አልኳቸው።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም። አምነውኝ ይሁን ተስፋ ቆርጠውብኝ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ፎርሙ ብዙ ነበር። ሥራዬ የስብሰባ ሞንታርቦ መጠገን ነው። አለቃዬ ስለ ድምፅ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጨምረው!» ይለኛል። ተናጋሪው የሚለው ነገር ባነሰ ቁጥር እንዲጨመር የሚፈለገው ድምፅ ይበዛ ነበር። እኔም እጨምርለት ነበር። ጩኸትን ኃይል ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው ሌላውን ለማረም አፍ የለውም። ሃምሳ አለቃ ሲሞቱ ሱቁን ልጃቸው ለእኔ አከራየኝ። ደብተሩና መቁጠሪያው ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።

ሱቁን ልዘጋ ስነሣ አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር፤ የግዛው ፒካፕ። ከተሰበረ ጊታር ያስቀረሁትን የፒካፕ ማግኔትና ክዳን፣ የመጨረሻዋንም ጥቅል ፀጉር ሽቦ አወጣሁ። ዐይኔ አላያትም፤ ጣቴ ግን በባናው ውስጥ ስታልፍ ይሰማታል። አራት ቀን ፈጀብኝ። በሃምሳ አለቃ መቁጠሪያ፣ ሁለት ዙር። ክዳኑን ስገጥመው ያለ አንዳች ግፊያ ገባ።

ቀየት የደረስኩት በጭነት አይሱዙ ነው። ግዛው ሸብቷል። ከአጥር ሥር ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ሲያየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ሚስቱ የበግ ለምድ አንጥፋ አስቀመጠችኝ። ሰላምታው እንዳለቀ፣ ድፍረቴ ሳይሸሸኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። መቁጠሪያውን፣ ክዳኑን፣ ለሃምሳ አለቃ የዋሸሁትንም።

ግዛው እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣና አገላበጠው። ሞፈርና ጅራፍ ያደነደነው፣ ጣቶቹ የተሰነጣጠቁ እጅ ነው።

«ታዲያ እጄ ደህና ነበር በለኛ!»

«ደህና ነበር፣ ጋሼ።»

«ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን እጅ ስሰድበው ኖርኩ። ልጄ ክራር ልማር ሲለኝ፣ በእኛ ዘር እጅ የለም ብዬ ከለከልኩት።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች። ከእኔ ፊት ያስቀመጠችውን ጠላ ግን አላነሣችም። ቢነሣ ይሻለኝ ነበር።

ጊታሩ በባና ተጠቅልሎ ከቆጡ ላይ ነበር። ክሮቹ ዝገዋል፤ አዲስ ይዤለታለሁ። አሮጌውን ፒካፕ አውጥቼ አዲሱን ልከት ስል እጄን ያዘኝ።

«መቁጠሪያዋን አምጣት።»

ሰጠሁት። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። አርባ አንድ ሲል ቆመ። «ክተተው» አለኝ።

ከጨረስኩ በኋላ ያንኑ በባትሪ የሚሠራውን ቴፕ ከከረጢቴ አወጣሁ። ግዛው ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«በዚህ አልሰማውም። በዚህ ሰምቼ ነው የተሸወድኩት። መሐል ሜዳ አዳራሹ ውስጥ ትልቁ አምፕሊፋየር አለ አይደል? ለገበያ ስወጣ በእሱ እሰማዋለሁ።»

«መቼ ትመጣለህ? እጠብቅሃለሁ።»

«አንተ አትምጣ» አለ። በቁጣ አልነበረም። በሬ በዚህ በኩል አታሳልፍ እንደሚል ገበሬ ነበር የተናገረው።

በሦስተኛው የገበያ ቀን ከዘጋሁት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ከአዳራሹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ስለታም፣ በግና ገብስ የሚሸጠውን ሕዝብ ጫጫታ ሰንጥቆ የሚያልፍ። አንቺሆዬ። አትምጣ ተብያለሁና አልሄድኩም። ባለሁበት ሆኜ ሰማሁ።

ድምፁ ልክ ነበር። እጁ ግን ከአንድ ስፍራ ሲደርስ ተሰናከለ። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው ስፍራ ላይ ተሰናከለ። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ይኸኛው የእጁ ጥፋት ነው፤ እጁን እንዲህ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን ከእኔ በቀር በገበያው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

አራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ።